አል-ጃሂዝ እና የባሮ አዞ



በዚህ እትም የምናነሳው ስለ አንድ ዓሣ ሻጭ ነው። ዐስር ሰግደን ወደ ባሮ ድልድይ ስንወርድ ዓሣ ይዘው የሚሸጡ ልጆች እናያለን። የዛሬ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኢራቅ በስራ ከተማ፣ ሲሓን በሚባል የውኃ ቦይ ዳር፣ እንዲሁ ዳቦና ዓሣ የሚሸጥ ድሃ ልጅ ነበር። ስሙ ዐምር ኢብኑ በሕር ነው። ዓይኖቹ ፈጠው ስለሚታዩ ሰዉ አል-ጃሂዝ አለው፤ ዓይነ ፈጣጣው ማለት ነው። ቅጽሉ ስሙን በልጦ ቀረ።

የተወለደው በሂጅራ 160 ገደማ (776 እ.ኤ.አ. አካባቢ) ነው። አያቱ ጥቁር የግመል ነጂ እንደነበር የእህቱ ልጅ ተናግሯል። ከዚህ ተነስተው ዘሩን ወደ ሐበሻና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚስቡ ጸሐፊዎች አሉ። ይህን የተረጋገጠ አድርገን አንጽፈውም። የጥቁሮችን ክብር ለማስረዳት የጻፋት አነስተኛ ሪሳላ ግን አለች፤ በእሷም ቢላልንና ሉቅማንን እያነሳ ይከራከራል።

እንደሚተረከው አንድ ቀን ምግብ ሲጠይቅ እናቱ በትሪ ላይ ደብተሮቹን ደርድራ አቀረበችለት። ከእነዚህ በቀር የምታመጣልኝ የለም ማለቷ ነበር። እሱም አላቆመም። የመጽሐፍ ነጋዴዎችን ሱቅ ለሌሊት እየተከራየ ሲያነብ ያድር ነበር። ቋንቋን ከአል-አስመዒና ከአቡ ዑበይዳ፣ ክርክርን ከአን-ነዟም ተማረ። በዐቂዳው ሙዕተዚላ ስለነበር የአህሉ ሱንና ዑለማዎች ጠንክረው ተችተውታል፤ ኢብኑ ቁተይባ በተለይ አልማረውም። እኛም ዛሬ ወደ እሱ የሄድነው ዐቂዳ ፍለጋ ሳይሆን ስለ እንስሳት ያለውን ለመስማት ነው።

ትልቁ ሥራው በሰባት ጥራዝ የቀረበው ኪታቡል ሐየዋን ነው። ግጥሙን፣ ሐዲሱን፣ ቀልዱን ሁሉ ከእንስሳት ወሬ ጋር ስለሚያደባልቅ ሥርዓት ያለው መጽሐፍ ነው ለማለት ያስቸግራል። ተሳቢዎችና የውኃ ዳር ፍጥረታት ግን ሰፊ ቦታ አላቸው፤ እባብ፣ እስስት፣ አዞ፣ እንቁራሪት፣ ደግሞም ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ በልቶት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያልበሉት ደብ የሚባለው የበረሃ እንሽላሊት። ብዙዎቻችን ከሐዲሱ በቀር ስለዚህ እንሽላሊት ሰምተን አናውቅም። እሱ ግን ዐረቦች ስለ አኗኗሩ የሚሉትን ሁሉ ለቃቅሞ ይመረምራል።

አሪስጣጣሊስን ያከብራል፤ አያመልከውም። ሁለት ራስ ስላለው እባብ የተጻፈውን ባነበበ ጊዜ ዝም ብሎ አላለፈም፤ አንድ በደዊ ፈልጎ ጠየቀ። በደዊው አይቻለሁ አለ። ታዲያ ወደ የትኛው ራስ ነው የሚሄደው? አይሄድም፣ ልጆች አሸዋ ላይ እንደሚንከባለሉት ይንከባለላል። በምን ይበላል? በአንዱ አፍ ምሳውን፣ በሌላው እራቱን። አል-ጃሂዝ ይህን ሁሉ ከመዘገበ በኋላ ሰውዬው ከፍጥረት ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ ይደመድማል። አንብበን ሳቅን፤ ግን ጥያቄዎቹ አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ናቸው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እንቁራሪት የታች መንጋጋዋን ውኃ ውስጥ ካላስገባች መጮህ አትችልም የሚለውን ተቀብሎ ጽፏል። በክረምት ከመግሪብ በኋላ ከባሮ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ሣር ላይ ተቀምጣ የምትጮህ ትንሽ እንቁራሪት ማግኘት አያቅተውም።

ከባዱ ስህተቱ ግን የአዞ ነው። አዞ በግብፁ አባይ እንዳለ ያውቃል። በሲንድ ምድር በሚህራን ወንዝ፣ ዛሬ ኢንደስ በምንለው፣ አዞ እንዳለም ሰማ። ስለዚህ ሁለቱ ወንዞች አንድ ምንጭ አላቸው አለ። ብዙ አገር የዞረው አል-መስዑዲ በኋላ አጥብቆ ወቀሰው፦ ይህ ሰው ባሕር አልተሻገረም፣ መንገድ አልሄደም፣ በሌሊት እንጨት እንደሚለቅም ሰው ከመጻሕፍት ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል ብሎ። ሕንድን በዓይኑ ያየው አል-ቢሩኒም ይህንኑ ስህተት አንስቶ የዋህነቱን ነቅፏል።

እኛ ጋምቤላ ሆነን ስናነበው ነገሩ ቀረብ ይላል። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባትም ነጭ አባይ ይገባል። አል-ጃሂዝ እዚህ መጥቶ አዞ ቢያይና ይህ ውኃ የአባይ ነው ቢል ትክክል በሆነ ነበር። ግን በአጋጣሚ ነው የሚሆነው፤ ያው የአባይ አዞ በአዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ፣ በጫሞም አለ፣ አንዳቸውም አባይን አያገኙም። የኢንደሱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዝርያ ነው። ትክክለኛ መልስ ከተሳሳተ ማስረጃ ሲወጣ በፈተና ወረቀታችን ላይ አስተማሪው የሚጽፍብንን እናውቀዋለን!

አዞው ራሱ ቀልድ አያውቅም። በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ሲዋኝ ተበልቷል። ለውዱእ ወደ ወንዙ ጠርዝ የምትወርዱ አዲስ ተማሪዎች የአካባቢውን ልጆች ሳትጠይቁ አትውረዱ። ውኃውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ኸሊፋው አል-መእሙን ጽሑፉን ወድዶለት ባግዳድ ገባ። በቤተ መንግሥቱ የጽሕፈት ቢሮ ሹመት ተሰጥቶት በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። ኪታቡል ሐየዋንን ለወዚሩ ኢብኑ አዝ-ዘያት አበርክቶ 5,000 ዲናር ተሸለመ። ወዚሩ በ847 እ.ኤ.አ. ራሱ ባሠራው የማሰቃያ ምድጃ ውስጥ ሲሞት አል-ጃሂዝ ሸሸ፤ ተይዞም በሰንሰለት ወደ ባላንጣው ቃዲ ቀረበ፣ በአንደበቱ ዳነ። ኸሊፋው አል-ሙተወኪል ለልጆቹ አስተማሪ ሊያደርገው አስቦ መልኩን ሲያይ 10,000 ዲርሃም ሰጥቶ አሰናበተው ይባላል።

በመጨረሻ ወደ በስራ ተመለሰ፤ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ። መጻሕፍት ተደርምሰውበት ሞተ የሚለው ወሬ ዝነኛ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ የመጣ ስለሆነ አንተማመንበትም። ያረፈው በ255 ሂጅራ በወርሃ ሙሐረም ነው፣ አላህ ይዘንለት። ከዚያ በፊት ኸሊፋው እንደገና አስጠርቶት ነበር። እሱ ግን ግማሽ ጎኑ በመጋዝ ቢቆረጥ የማይሰማው፣ ሌላው ጎኑ ዝንብ ብታልፍበት የሚያመው ሰው ለቤተ መንግሥት ምን ይጠቅማል ብሎ ቀረ።