ከንጉሥ ወደ ሊስትሮ፦ የቦዳው ጸጋዬ

ስለ አንድ የአካባቢያችን ሰው ጻፊ ስባል ብዙም አላሰብኩም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አለልን አይደል!

ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አደገ፤ ግእዙንም በቤተ ክህነት ትምህርት አገኘ። አምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አይተውለታል። ልብ በሉ፣ ልጁ የጀመረው በንጉሥ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌትና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቴአትር ሙያ ቀሰመ። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ስለ ቴዎድሮስና ስለ አቡነ ጴጥሮስ ጻፈ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። እስቲ የቀድሞ ተውኔቶቹን ርእስ እዩ፦ ሊስትሮ፣ ኮሾ ሲጋራ። የከርሞ ሰውም የአዲስ አበባ ድሃ ሰፈር ሰዎች ኑሮ ነው። መድረኩ የነገሥታትና የምክር ቦታ በነበረበት ዘመን፣ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ታሪክ አለው ብሎ ማሰብ ቀላል አልነበረም።

በ1990 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመሙን ለመታከም አሜሪካ ሄደ። የካቲት 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ አረፈ፤ አስከሬኑ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለሐኪሞች ምናችን ነው? ጸጋዬ ሲፈልገው የኖረውን ታሪክ እኛ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እናገኘዋለን እኮ። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከባኮ የመጡ እናት ስለ ወገባቸው ሲነግሩን፣ ስንት ዘመን እንጨት እንደተሸከሙ፣ ስንት ልጅ እንደቀበሩ፣ ጠላ ሸጠው ማንን እንዳስተማሩ አብረው ይነግሩናል። ካርዱ ላይ የሚቀረው የወገብ ሕመም የሚለው ብቻ ነው። ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ እናቋርጣቸዋለን። እሳቸው ሲያልፉ ታሪኩም አብሯቸው ይቀበራል።

ሁላችንም ተውኔት እንጻፍ አልልም። የሕመምተኛ ምስጢርም ምስጢር ነው። ግን ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ስማቸውን ትተን፣ በዓመት የአንድ ሰው ታሪክ ብንጽፍ ምን ይከብደናል? ካልሆነም የገዛ እናቶቻችንና አባቶቻችን አሉ፤ ሳይመሽባቸው እንጠይቃቸው። የዓመት ሰው ይበለንና፣ በሚቀጥለው መጽሔት የእናንተን ለማንበብ እጠብቃለሁ።