መምህሩን የመረመረ ተማሪ
የስዋሚ ቪቬካናንዳ አጭር የሕይወት ታሪክ

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት ተሰናብተን እንወጣለን። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት ደጋግመን የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተማርነውን ይዘን ወጥተን የምንሠራው ለማን ነው? ለራሳችን ነውን? ለወላጆቻችን ነውን? ወይስ ስሙን ለማናውቀው ድኻ ወገናችን? ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለበዓሉ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ይህንኑ ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰውን የአንድ የሕንድ ሰው ታሪክ መረጥን። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከሕንድ የመጡ ብዙ መምህራን ያስተማሩ ስለሆነ የአገራቸውን ታላቅ ሰው ማወቅ መልካም መስሎ ታይቶናል። የሰውየው ሃይማኖት ከእኛ ሃይማኖት የተለየ ነው፤ ነገር ግን እርሱም እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፥ በ18 ዓመቱም መንገዱን ይፈልግ የነበረ ወጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኋላ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለው ሰው ጃኑዋሪ 12 ቀን 1863 ዓ.ም. ዛሬ ኮልካታ በምትባለው በካልካታ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ናሬንድራናት ዳታ ነው፤ ባጭሩ ናሬንድራ ይሉት ነበር። አባቱ በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታወቁ ጠበቃ ነበሩ። እናቱም የአገራቸውን የጥንት ታሪክ እየተረኩ ያሳደጉት ብልህ ሴት ነበሩ። ናሬንድራ ሰውነቱ ጠንካራ፥ ድምፁ ለዜማ የተመቸ፥ ክርክር የሚወድ ልጅ ነበር። ያልመረመረውን ነገር ትልቅ ሰው ስለ ነገረው ብቻ አምኖ አይቀበልም ነበር።

ከፍ ያለውን ትምህርት የተማረው አሌክሳንደር ደፍ የተባለው የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ በ1830 ዓ.ም. ባቋቋመው ኮሌጅ ነው። እዚያም የአውሮፓን ፍልስፍና ባነበበ ቍጥር ጥርጣሬው እየበዛ ሄደ። ምስል ሳያቆሙ አንድ አምላክን የሚያመልኩ ብራህሞ ሳማጅ የተባሉ የአገሩ ሰዎች ማኅበር ነበራቸውና ከእነርሱ ጋር ገብቶ መዝሙር ይዘምር ነበር። ሆኖም ልቡ አላረፈም። ታላላቆቹን ሰዎች እየዞረ አምላክን በእውነት አይተው እንደ ሆነ ይጠይቃቸው ጀመር። ስለ አምላክ የሚናገሩ ብዙዎች ነበሩ፤ አየሁ የሚል ግን አላገኘም።

የኮሌጁ አለቃ ዊሊያም ሄስቲ የተባሉ የስኮትላንድ ሰው ነበሩ። እንደሚተረከው አንድ ቀን የእንግሊዛዊውን ባለቅኔ የወርድስወርዝን ግጥም ሲያስተምሩ ስለ ተመስጦ የሚናገር ቃል ላይ ደረሱ፤ እንዲህ ያለውን ተመስጦ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር በዳክሺኔስዋር ወደሚኖሩት ወደ ራማክሪሽና እንዲሄድ ነገሩ። ሚሲዮናዊ መምህር ተማሪውን ወደ ሂንዱ መምህር ማመልከቱ የሚያስገርም ነው።

ራማክሪሽና በ1836 ዓ.ም. በቤንጋል ገጠር ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለዱ ሰው ነበሩ። የመጻሕፍት ትምህርታቸው ጥቂት ነበር። ከካልካታ በስተ ሰሜን በወንዝ ዳር በዳክሺኔስዋር አንዲት ባለጠጋ ባል የሞተባቸው ሴት ያሠሩት፥ በ1855 ዓ.ም. የተመረቀ፥ ካሊ ለተባለችው አምላክ የቆመ ቤተ መቅደስ ነበረ። ራማክሪሽና በዚያ ካህን ሆነው አገለገሉ። ካሊን እናቴ እያሉ እንደ ሕፃን ልጅ ያለቅሱላት ነበር። ንግግራቸው ከገበሬ፥ ከዓሣ አጥማጅና ከሸክላ ሠሪ ኑሮ በተወሰደ ምሳሌ የተሞላ ስለ ነበረ ሊቃውንትም መሃይምናንም እኩል ይሰሟቸው ነበር።

ወደ ታሪካችን ከመመለሳችን በፊት ስለ ሂንዱዎች ትምህርት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በእነርሱ ዘንድ ሰው ወደ አምላክ የሚደርስባቸው መንገዶች አያሌ ናቸው። አንዱ የዕውቀት መንገድ ነው። ሁለተኛው ባክቲ ይባላል፤ ይህም አምላክን በፍጹም ልብ መውደድና ማምለክ ነው። ሦስተኛው የካርማ ማለት የሥራ መንገድ ነው። ብሃጋቫድ ጊታ የተባለው ባለ 18 ምዕራፍ መጽሐፋቸው ስለ እነዚህ ሁሉ ያስተምራል። በዚያ መጽሐፍ አርጁና የተባለው መስፍን ለጦርነት ተሰልፎ ሳለ በወዲያኛው ወገን ዘመዶቹንና መምህሮቹን ባየ ጊዜ ክንዱ ይዝላል። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ግን ሰው ግዴታውን መፈጸም እንጂ የሥራውን ፍሬ መመኘት እንደማይገባው፥ ሥራውንም ለአምላክ እንደ መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብ እንዳለበት ያስረዳዋል። እነዚህን መንገዶች ሰው ብቻውን አይዘልቃቸውምና መሪ ያስፈልገዋል። ይህንም መሪ ጉሩ ይሉታል። በእኛ አገር የቤተ ክህነት ተማሪ የኔታን እንደሚያከብር የሂንዱ ደቀ መዝሙርም ጉሩውን እንዲሁ፥ እንዲያውም አብልጦ ያከብራል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጭንቅ አለ። አምልኮን የመረጠ ሰው ዓለምንና በዓለም ያለውን ድኻ ትቶ ወደ ጫካ የሚሸሽ ይሆናል፤ ሥራን የመረጠ ሰው ደግሞ በሥራው ብዛት አምላኩን ይረሳል። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት ይስማማሉ? የናሬንድራ ሕይወት በሙሉ የተጠመደው በዚህ ጥያቄ ነው።

በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ ናሬንድራ በአንድ የካልካታ ሰው ቤት ከራማክሪሽና ጋር ተገናኘ። ያን ጊዜ ልክ እንደ እኛ 18 ዓመቱ ነበር። ጥቂት ቈይቶም ወደ ዳክሺኔስዋር ሄዶ የለመደውን ጥያቄ አቀረበላቸው። ራማክሪሽናም አምላክን እንዳዩ፥ ያዩትም ፊታቸው የተቀመጠውን ወጣት ከሚያዩት ይልቅ አጥርተው እንደ ሆነ ሳያመነቱ መለሱለት። ናሬንድራ ሰውየው አእምሯቸው የታወከ መሰለው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቅንነት ያለው ሰው አይቶ አያውቅምና ተመልሶ ከመሄድ ሊታገድ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል መምህሩን ሲመረምር ኖረ። ራማክሪሽና ገንዘብ መንካት ሰውነታቸውን እንደሚያሳምማቸው ይናገሩ ነበርና፥ ይህን ለመፈተን ናሬንድራ አንድ ቀን እርሳቸው በሌሉበት ከመኝታቸው ሥር ብር ደበቀ ይባላል። መምህሩም ገብተው ከአልጋው ላይ ቍጭ እንዳሉ በድንገት ደንግጠው ተነሡ። ነገሩን በተረዱ ጊዜ ግን አልተቈጡም፤ ሸራፊ የተቀበለውን ብር አጩሆ እንደሚፈትን ደቀ መዝሙርም መምህሩን እንዲሁ መፈተን እንደሚገባው አስተማሩ። እኛ ይህን ስናነብ እጅግ ተደነቅን። በሂንዱዎች ዘንድ የጉሩ ክብር ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ እውነተኛው ጉሩ መመርመርን እንደማይፈራ ከዚህ ተረድተናል።

በ1884 ዓ.ም. ናሬንድራ የባችለር ዲግሪውን ባገኘበት ዓመት ታላቅ መከራ ደረሰበት። አባቱ በድንገት ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ በቤቱ ውስጥ የተገኘው ዕዳ ብቻ ሆነ፤ ዘመዶችም ስለ መኖሪያ ቤቱ ክስ አነሡ። የባለጠጋ ልጅ የነበረው ወጣት በባዶ እግሩ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሥራ ፍለጋ ይዞር ጀመር። እናቱና ወንድሞቹ እንዲጠግቡ ሲል ሌላ ቦታ ምሳ እንደ ተጋበዘ እየተናገረ ጦሙን ይውል ነበር።

በመጨረሻም መምህሩን ስለ ቤተ ሰቡ እንዲጸልዩለት ለመናቸው። እርሳቸው ግን ወደ ካሊ መቅደስ ገብቶ የሚሻውን ራሱ እንዲለምን ነገሩት። ገባ፤ በዚያም በቆመ ጊዜ ስለ ገንዘብ መለመን አፍሮ ማስተዋልንና ፍቅርን ብቻ ለምኖ ወጣ። መምህሩ ሁለተኛም ሦስተኛም ላኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ ራማክሪሽና ቤተ ሰቡ ተራ ምግብና ልብስ እንደማያጣ ተስፋ ሰጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሊን የማይቀበለው ያ ተከራካሪ ተማሪ የእምነትን ምሥጢር ያስተውል ጀመር።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሆነ። ራማክሪሽና ለፍጡራን ስለ መራራት በሚናገሩበት ጊዜ በድንገት ተመስጠው፥ ሰው ለሌላው ለመራራት ምን ሥልጣን እንዳለው ጠየቁ፤ የሚገባው ከላይ ወደ ታች እያዩ ማዘን ሳይሆን በሰው ውስጥ ያለውን አምላክ ማገልገል መሆኑን አስረዱ። በቦታው የነበሩት ብዙዎች ነገሩን ሰምተው አለፉት፤ ናሬንድራ ግን በልቡ አኖረው። አምልኮንና ሥራን የሚያስታርቀው ቃል ይህ እንደ ሆነ ገብቶታልና።

በ1885 ዓ.ም. ራማክሪሽና በጕሮሮ ካንሰር ታመሙ። ወጣቶቹ ደቀ መዛሙርት ኮሲፖር በተባለ ስፍራ በአትክልት ቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን አስታመሟቸው። በዚያም ናሬንድራ ቀኑን ሙሉ በተመስጦ ተውጦ ለመኖር እንደሚመኝ ለመምህሩ ገለጠላቸው። ምስጋና የጠበቀው ወጣት ተግሣጽ አገኘ። ራማክሪሽና ይህ ምኞት ራስን መውደድ መሆኑን፥ እርሱ ግን ደካሞች ሁሉ ከጥላው ሥር የሚያርፉበት እንደ ዋርካ ያለ ትልቅ ዛፍ እንዲሆን ይጠብቁ እንደ ነበረ ነገሩት። መምህሩ ኦገስት 16 ቀን 1886 ዓ.ም. ዐረፉ።

ደቀ መዛሙርቱም በባራናጎር በአንድ አሮጌ ቤት ተሰብስበው መነኰሱ። ቈይቶም ናሬንድራ በትርና ለምግብ መለመኛ ዕቃ ይዞ የሕንድን አገር ከሰሜን እስከ ደቡብ ዞረ። በመሳፍንት አዳራሽም፥ ከሕዝብ ሁሉ እንደ ርኩስ በሚቈጠሩት ድኾች ጎጆም አደረ። በ1892 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ደቡቡ ጫፍ ወደ ካንያኩማሪ ደርሶ በባሕር መካከል ባለው ዓለት ላይ ተቀምጦ ስለ ሕዝቡ ረኃብና ድንቍርና አሰበ፤ ለዚህ ሕዝብ እርዳታ ለመፈለግም ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቈረጠ።

በ1893 ዓ.ም. ቪቬካናንዳ የሚለውን ስም ይዞ ወደ ቺካጎ ተጓዘ፤ ትርጓሜውም የማስተዋል ደስታ ማለት ነው። የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ከመከፈቱ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ስለ ደረሰ ገንዘቡ አለቀበት፤ የምስክር ወረቀትም አልነበረውም። ጆን ራይት የተባሉ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ደብዳቤ ጻፉለት። እርሱ ግን የጉባኤውን አድራሻ ጥሎ በባቡር ጣቢያ ከአንድ ባዶ ሣጥን ውስጥ አደረ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ጉባኤው ሲከፈት ያ የተራበ መነኵሴ የአሜሪካን ሕዝብ እንደ እኅትና ወንድም አድርጎ ቢጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በእንግሊዝ እየተዘዋወረ አስተማረ፤ በኒው ዮርክ ስለ ሥራ መንገድ የሰጣቸው ትምህርቶችም በ1896 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ።

በ1897 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ ሜይ 1 ቀን በመምህሩ ስም ራማክሪሽና ሚሽን የተባለውን የአገልግሎት ማኅበር አቋቋመ። አሁን ታላቁ ፈተና የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከገዛ ወንድሞቹ ነው። መምህራቸው ያስተማሯቸው አምልኮና ጸሎት ሆኖ ሳለ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ማቋቋም፥ ገንዘብም መሰብሰብ የአውሮፓውያን ልማድ መሆኑን እየገለጡ ተቃወሙት። እርሱም በብርቱ ተከራከራቸው፤ የራሱን ነፍስ ማዳን ትቶ በድኻው ውስጥ ያለውን አምላክ ማገልገል ከመምህሩ የተቀበለው አደራ መሆኑን አስረዳቸው። ውለው አድረው ወንድሞቹም ተከተሉት። ከእነርሱም አንዱ አካንዳናንዳ በዚያው ዓመት በቤንጋል ገጠር ለተራቡ ሰዎች እህል ያከፋፍል ነበር።

በ1898 ዓ.ም. በካልካታ የወረርሽኝ በሽታ በተነሣ ጊዜ ቪቬካናንዳ ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ ቢታጣ አዲስ የተገዛውን የገዳሙን መሬት ለመሸጥ ተዘጋጀ፤ ሽያጩ ግን ሳያስፈልግ ቀረ። ማርጋሬት ኖብል የተባለች የአየርላንድ ተወላጅ አስተማሪም ደቀ መዝሙሩ ሆና በካልካታ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1899 ዓ.ም. ወረርሽኙ በተመለሰ ጊዜም የከተማይቱን ጠባብ መንገዶች በማጽዳት ሥራ ላይ ተሰማራች።

ድካምና በሽታ ሰውነቱን ጨርሶት ስለ ነበረ ቪቬካናንዳ ጁላይ 4 ቀን 1902 ዓ.ም. በቤሉር ገዳሙ በ39 ዓመቱ ዐረፈ። ያቋቋመው ማኅበር ግን እስከ ዛሬ ትምህርት ቤቶችንና ሐኪም ቤቶችን ያስተዳድራል፤ የሕንድ መንግሥትም ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የልደቱን ቀን የወጣቶች ቀን አድርጎ ያከብራል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ እኛ ተማሪዎች ምን እናገኛለን? ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በኮሲፖር የተሰጠው ተግሣጽ ነው። ናሬንድራ የተመኘው ክፉ ነገር አልነበረም፤ ቅዱስ ነገር ነበር። መምህሩ ግን ቅዱስ ነገርም ቢሆን ለራስ ብቻ ከተያዘ ጐዶሎ መሆኑን አሳዩት። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ከመካከላችን ነገ በባዶ እግሩ ሥራ ፍለጋ የሚዞር፥ ታናናሾቹንም የሚያሳድግ አይጠፋም፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ከመካከላችን ወንበር አግኝቶ የሚቀመጥም ይኖራል፤ እርሱ ደግሞ ከፊቱ የሚቆመውን ባለጕዳይ በንቀት ሳይሆን በክብር ይቀበለው።

መምህሮቻችንም በጥያቄ ባስቸገርናቸው ጊዜ ስለ ታገሡን እናመሰግናቸዋለን፤ የጠየቅናቸው ስለ ናቅናቸው ሳይሆን ብሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ነበርና።