ቻርልስ ኬተሪንግና የአሮጌ መኪና እሳት

አልነሣ ያለ አሮጌ መኪና ጋራዥ በገባ ቁጥር ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቤንዚን ይደርሳል ወይ? እሳትስ አለ ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሚመረመሩትን ባትሪ፣ ቦቢና፣ ፑንቲናና የእሳት ማከፋፈያ በአንድ ሥርዓት አያይዞ ለመኪና እንዲስማሙ ያደረገው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ነው። ቮልስዋገኑ፣ ፊያት 600ው፣ ፔጆ 404ቱ፣ በአዲስ አበባ ጋራዦች ስንቱን የእጅ ባለሙያ ያሠለጠኑት እነዚህ መኪናዎች ሁሉ እሳት የሚያገኙት ከእርሱ ሥርዓት በተወረሰ መንገድ ነው። ሞተሪኖውም የእርሱ ነው። ስሙ ግን በጋራዦቻችን ሲነሣ አይሰማም።

ኬተሪንግ የተወለደው በ1876 በኦሃዮ፣ ከላውደንቪል ከተማ አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ነበር። ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት ከሠራ በኋላ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢገባም፣ የዓይኑ ሕመም ስለ ጠናበት ትምህርቱን አቋርጦ የስልክ መሥመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ፤ ውሎ አድሮም አለቃቸው ሆነ። በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት የተመረቀው በ1904፣ ዕድሜው 27 ከሞላ በኋላ ነበር። ይህን መዘግየት እንደ ባከነ ዘመን የሚቈጥር ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ የተቋረጠን የስልክ ሽቦ መሥመሩን እኩል ለእኩል እየከፈሉ፣ ብልሽቱ ከዚህ ምሰሶ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ እያሉ መፈለግ ለመሐንዲስ የማይናቅ ትምህርት ቤት መሆኑን በመስክ የሠራ ባልደረባ ሁሉ ያውቀዋል።

ከምረቃው በኋላ በዴይተን ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በእጅ ይሠራ የነበረውን የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና በኤሌክትሪክ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። እዚያ የተገነዘበው ነገር ለኋላ ሥራው መሠረት ሆነ፦ ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ የሚሠራ ሞተር፣ ቀኑን ሙሉ ከሚሠራ ሞተር ይልቅ በመጠኑ እጅግ አንሶ ሳለ ትልቅ ኃይል ሊሰጥ ይችላል።

በዚሁ ኩባንያ የሥራ ባልደረባው ከነበረው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ከሥራ ሰዓት ውጪ በዲድስ የእርሻ ጎተራ ውስጥ እየሠሩ፣ በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው የመኪና እሳት ነበር። ያን ጊዜ ብዙ መኪናዎች ይጠቀሙበት የነበረው የሚንቀጠቀጥ ቦቢና ለአንድ ፍንዳታ ብዙ ብልጭታ እያከታተለ ደረቁን ባትሪ በፍጥነት ይጨርሰው ነበር። ኬተሪንግ ለእያንዳንዱ ፍንዳታ አንድ ብቻ፣ ግን ጠንካራና ጊዜውን የጠበቀ ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ፤ የባትሪው ዕድሜም በብዙ እጥፍ ረዘመ። የካዲላክ ኩባንያ ኃላፊ ሄንሪ ሌላንድ ይህን መሣሪያ ለ1910 መኪናዎቹ አዘዘ።

ሥርዓቱ በኋላ ቀለል ብሎ ዛሬ በአሮጌ መኪናዎች ላይ የምናየውን መልክ ያዘ። ፑንቲናው ሲገጥም የባትሪው ጅረት በቦቢናው ወፍራም ሽቦ በኩል ያልፋል፤ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለጥርስ ዘንግ ፑንቲናውን ሲከፍተው ጅረቱ በድንገት ይቋረጣል፤ በዚያው ቅጽበት በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት የሚበልጥ ግፊት ተወልዶ በካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ሆኖ ይዘላል። ኮንደንሰሩ ደግሞ ፑንቲናው ሲከፈት በራሱ ላይ እሳት እንዳይበላው ይጠብቃል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ በጎነት፣ በእኛ አስተያየት፣ ሲበላሽ መናገር መቻሉ ነው። ከቦቢናው ወደ ፑንቲና በሚሄደው ሽቦ ላይ ተራ የሙከራ አምፑል አስሮ፣ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን በዝግታ ያዞረ ሰው አምፑሉ ብልጭ ድርግም ሲል ካየ በዚያ በኩል ደኅና ነው ማለት ነው። አምፑሉ ሳይጠፋ ከበራ ፑንቲናው አይገጥምም ወይም ቆሽሿል። ጨርሶ ካልበራ የቦቢናው የባትሪ በኩል ይሞከራል፤ እዚያ ኃይል ካለ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደውን ሽቦ መንቀል ነው። አሁን አምፑሉ ከበራ ጥፋቱ በዲስትሪቢዩተር ውስጥ ነው፤ ኮንደንሰሩ ከብረት ተገናኝቷል ወይም ፑንቲናው አይከፈትም። ካልበራ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። በሦስት ሙከራ፣ አንዲት ዕቃ ሳይገዛ፣ ብልሽቱ ተለየ። ካንዴላውንም ቦቢናውንም ኮንደንሰሩንም በአንድ ቀን ለውጦ ሒሳብ የሚጽፍ ጋራዥ ግን ጥገና ሠርቷል ለማለት እንቸገራለን።

ቀጥሎ የመጣው ሞተሪኖ ነው። በዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው በማኖቬላ በእጅ ተዙሮ ስለ ነበር፣ እሳቱ ቀድሞ ሲነሣ ማኖቬላው ወደ ኋላ ተመልሶ ክንድ ይሰብር ነበር። በሰፊው እንደሚተረከው ባይረን ካርተር የተባለ የመኪና ሠሪ በ1908 በዲትሮይት በመንገድ ላይ የቆመባትን ሴት መኪና ሊያስነሣላት ሲሞክር በማኖቬላ ተመትቶ፣ ከዚያ በተከተለው ሕመም ሞተ፤ ወዳጁ ሌላንድም በዚህ አዝኖ ሌላ መላ እንዲፈለግ አዘዘ ይባላል። የታሪኩን ዝርዝር የሚጠራጠሩ አሉ፤ የማኖቬላው አደጋ ግን እውነት ነበር። ብዙ ባለሙያዎች ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ የሞተሩን ያህል መግዘፍ አለበት ይሉ ነበር። ኬተሪንግ የገንዘብ መመዝገቢያውን ሥራ አስታውሶ ነገሩን በሌላ በኩል አየው፦ ሥራው የጥቂት ሰኮንዶች ነውና ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ቢጫን ሳይግል ይገላገላል። በ1911 ተሠርቶ በ1912 ካዲላክ ላይ የዋለው መሣሪያ ሲያስነሣ በ24 ቮልት ሞተር፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ በ6 ቮልት ዲናሞ ሆኖ ይሠራ ነበር። ቁልፉን ይዞ ሳይለቅ ሞተሪኖ የሚያቃጥል ሾፌር የሚጥሰው ይህንኑ የጥቂት ሰኮንዶች ውል ነው።

ከዚህ በኋላ የኬተሪንግን ስም ያስጠራውም ያስወቀሰውም ነገር መጣ። ሞተሮች ኃይላቸው ሲጨምር ዳገት ላይ ማንኳኳት ጀመሩ፤ ብዙዎችም ጥፋቱን በአዲሱ የባትሪ እሳት ላይ ጣሉት። ተከሳሹ የራሱ ሥራ ስለ ነበረ ኬተሪንግ ምርመራውን በጥብቅ ያዘው፤ ከ1916 ጀምሮ ረዳቱ የነበረውን ቶማስ ሚድግሌይንም በዚሁ ላይ አሠማራው። በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት የሚመዘግብ መሣሪያ ተሠርቶ ሲታይ፣ ማንኳኳቱ የሚመጣው እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ያለጊዜው በተነሣ እሳት ሳይሆን በነዳጁ ባሕርይ ነው። ከዚያ ቀይ ቀለም ሙቀት ስለሚስብ ሊረዳ ይችላል በሚል ግምት አዮዲን ወደ ነዳጁ ተጨመረ፤ ማንኳኳቱም ቀነሰ። ሌሎች ቀይ ቀለሞች ሲሞከሩ ግን አንዳቸውም አልሠሩም። ግምቱ ሐሰት፣ ውጤቱ እውነት ነበር፤ መድኃኒቱ በቀለም ሳይሆን በኬሚካሉ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በታኅሣሥ 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሁድ ተገኘ፤ በየካቲት 1923ም በዴይተን ለሽያጭ ቀረበ። የንግድ ስሙ ኤቲል ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ አልነበረም።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ በቤይዌይ ማጣሪያ 5 ሠራተኞች በዚህ ውሁድ ተመርዘው አእምሯቸውን ከሳቱ በኋላ ሞቱ፤ በሌሎች ፋብሪካዎችም የሞቱ ነበሩ። ሽያጩ ቆመ፤ በግንቦት 1925 በዋሽንግተን ጉባኤ ተጠርቶ እንደ አሊስ ሃሚልተን ያሉ ሐኪሞች በብርቱ ተቃወሙ። ያም ሆኖ በ1926 ሽያጩ ቀጠለ። የኤቲል ኩባንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬተሪንግ ራሱ ነበር። እርሱና ሚድግሌይ አልኮል ማንኳኳትን እንደሚቀንስ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ አልኮል ግን በብዛት መጨመር ነበረበት፣ በፈጠራ መብትም ሊያዝ አይችልም። ብልሽትን ከእውነተኛ ቦታው የማግኘት ችሎታው እዚህ ላይ አልጎደለም። የጎደለው፣ ከሞተሩ የወጣው ብልሽት ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነበር።

በዚያው 1923 ሌላ ነገር ደረሰበት። ከ1920 ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ በውሃ ፈንታ በነፋስና በመዳብ ክንፎች የሚቀዘቅዝ የሼቭሮሌ ሞተር ነድፎ ነበር። 759 መኪናዎች ተሠሩ፤ ሞተሮቹ ግን ይግላሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ኃይል ያጣሉ። ገበያ የወጡት እንዲመለሱ ተደረገ። ኬተሪንግ እስከ መጨረሻው ጥፋቱን በንድፉ ላይ ሳይሆን በማምረቻ ክፍሎቹ ላይ አደረገ፤ ሥራውንም ሊለቅ ጠይቆ ነበር። በማንኳኳቱ ጊዜ መሣሪያ ሠርቶ የመረመረው ሰው፣ የራሱ ንድፍ ሲከሰስ ያንኑ ትዕግሥት ማጣቱ ያስገርማል።

ከዚያ በኋላ ከታወቁት ሥራዎቹ ዋነኛው ሁለት ምት ያለው ቀላል የናፍጣ ሞተር ነው፤ በ1934 ከዴንቨር እስከ ቺካጎ በአንድ ቀን የሮጠውን ዜፊር የተባለ ባቡር የጎተተው ይህ ሞተር ሲሆን፣ በአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር ዘመን እንዲያበቃ ካደረጉት አንዱ ሆኗል። በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር ስሙን የያዘው የካንሰር ምርምር ተቋም ተመሠረተ። በ1947 ከጄኔራል ሞተርስ ጡረታ ወጣ፤ በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች 186 ደርሰው ነበር። በኅዳር 1958 በ82 ዓመቱ ሞተ።

እርሳሱ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በ1965 ክሌር ፓተርሰን የተባለ የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ በአየሩና በሰው ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮ መጠኑ እጅግ ከፍ ማለቱን አስታወቀ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ ከባለእርሳሱ ቤንዚን ወጡ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሽያጩን ያቆመችው በ2021 ነው።

በአሮጌ ሞተር ላይ የቀረው ምልክት ግን በቫልቭ መቀመጫው ላይ ይታያል። በባለእርሳሱ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሞተሮች መቀመጫቸው ለስላሳ የሸክላ ብረት ነበር፤ ከነዳጁ የሚቀረው እርሳስ ስስ ሽፋን ሆኖ ቫልቩና መቀመጫው እንዳይፋተጉ ይጠብቃቸው ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሞተር እርሳስ በሌለው ቤንዚን ረጅም መንገድ በፍጥነት ከተነዳ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ቫልቩ መዘጋት ያቅተዋል፤ ሲሊንደሩም ግፊት ያጣል። እሳቱ ደኅና፣ ቤንዚኑ ደኅና ሆኖ ሳለ አንዱ ሲሊንደር አልሠራ ያለ እንደ ሆነ የቫልቩን ክፍተት መለካት ይገባል። ከወር በፊት የተስተካከለ ክፍተት ዛሬ ጠፍቶ ከተገኘ ቴስታታው ይወርዳል፤ አሮጌው መቀመጫ በማሽን ተፍቆ በጠንካራ ብረት ቀለበት ይተካል።