ጦርነት ሳያይ የጦርነት መጽሐፍ የጻፈው ስቲቨን ክሬን

ስለ ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ስናነብ እኛ አንባቢዎች መቼም ፈሪ ሆነን አናውቅም፡፡ ወንበራችን ላይ ተደላድለን፣ ሻያችንን ካጠገባችን አኑረን፣ ከወታደሩ ጋራ ምሽግ እንሰብራለን፤ ባንዲራው ሲወድቅ ተሽቀዳድመን እናነሣለን፡፡ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቆየንና የጥይት ጩኸት በቅርብ ሰምተን የማናውቅ እኛም እንዲህ ያለ መጽሐፍ በብዛት አንብበናል፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ብንኖር ኖሮ እንቆም ነበር ወይስ እንሸሽ ነበር ብለን ራሳችንን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው፡፡ ይህን ጥያቄ ከልቡ የጠየቀ አንድ ወጣት ነበር፤ እርሱም አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ክሬን ነው፡፡

ክሬን በ1871 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) በኒው ጀርሲ ግዛት በኒውአርክ ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሲሆኑ እርሱ 14ኛውና የመጨረሻው ልጃቸው ነበር፡፡ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ያን ጊዜ 6 ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ልጁ ጦርነቱን የሚያውቀው በሽማግሌዎች ወሬና በመጽሐፍ ብቻ ነው፡፡ የወታደር ሰልፍ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተማረ፡፡ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከደብተሩ ይልቅ የቤዝቦል ጨዋታ ስለ በለጠበት ዲግሪ ሳይቀበል በ1891 ወጣ፡፡ ዲግሪያችንን በስንት ጭንቅ ላገኘን ለእኛ ይህ ደስ የማያሰኝ ምሳሌ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ገብቶ ለጋዜጣ እየጻፈ፣ ብዙ ጊዜም ጦሙን እያደረ፣ ከወጣት ሠዓሊዎች ጋራ ይኖር ጀመር፡፡

በ1893 ከአንድ ሠዓሊ ወዳጁ ቤት ሴንቸሪ የተባለውን መጽሔት አሮጌ እትሞች አገኘ፡፡ በነዚህ እትሞች ውስጥ የሁለቱም ወገን ጄኔራሎችና መኮንኖች የተዋጉበትን ጦርነት በየተራ ጽፈውበታል፡፡ ክሬን ሰዓቱ እስኪጠፋው አነበበ፡፡ የትኛው ጦር በየት በኩል እንደ ዞረ፣ ኮረብታው መቼ እንደ ተያዘ፣ ስንት ሰው እንደ ወደቀ ሁሉም ተጽፏል፤ ወታደሩ በዚያ ሰዓት በልቡ ምን እንደ ተሰማው ግን አንዱም አልነገረውም፡፡ በዚህ ተናዶ መጽሐፉን ራሱ ሊጽፈው ተነሣ፡፡

«ቀዩ የጀግንነት ምልክት» የተባለው ልብ ወለድ ሄንሪ ፍሌሚንግ ስለሚባል የገበሬ ልጅ ይናገራል፡፡ ይህ ልጅ ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ያነበበው ነገር ልቡን አሙቆት በፈቃዱ ይዘምታል፡፡ ሲሰናበት ከእናቱ አንድ ታላቅ ንግግር፣ እንደ ፉከራ ያለ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ እርስዋ ግን ድንችዋን እየላጠች ስለ ሸሚዙና ስለ ሠራችለት ስምንት ጥንድ ካልሲ ታወራዋለች፡፡ በመጽሐፉ ውስጥ እኛን ከሁሉ አብልጦ የነካን ቦታ ይህ ነው፡፡ ያች ሴት ስለ ጦርነት ልጅዋ ካነበበው ሁሉ የበለጠ ሳታውቅ አልቀረችም፡፡

ጦርነቱ ሲደርስ ሄንሪ የመጀመሪያውን ጥቃት ቆሞ ይመክታል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን ጠመንጃውን ጥሎ ይሸሻል፡፡ ከቁስለኞች ጋራ ሲጓዝ የነርሱን ደም በቅናት ይመለከታል፤ ምነው እኔም በቆሰልሁ ይላል፡፡ በመጨረሻም የሚያቆስለው የጠላት ጥይት ሳይሆን የሚሸሽ የወገን ወታደር ነው፤ በጠመንጃው ሰደፍ ራሱን ይመታዋል፡፡ ወደ ጦሩ ሲመለስ ጥይት የመታው መስሏቸው ጓደኞቹ በርኅራኄ ቁስሉን ያስሩለታል፤ እርሱም ዝም ይላል፡፡ በማግሥቱ ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚሮጠው ይኸው ልጅ ነው፡፡

መጽሐፉ በ1895 ታትሞ ሲወጣ ደራሲው 24 ዓመት አልሞላውም ነበር፡፡ በርስ በርሱ ጦርነት የተዋጉ ብዙ ሽማግሌዎች የጻፈው ሰው ከነርሱ አንዱ መሰላቸው፡፡ እንዲያውም አንድ ኮሎኔል በአንቲታም ጦር ሜዳ ከክሬን ጋራ አብረው እንደ ነበሩ ተናገሩ፡፡ የአንቲታም ጦርነት የተደረገው ግን በ1862፣ ክሬን ሊወለድ 9 ዓመት ሲቀረው ነው፡፡ በኮሎኔሉ አንስቅባቸውም፤ በልባቸው ያለውን ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ አግኝተውታልና፡፡

ምስጋናው ሁሉ ግን ለክሬን ዕረፍት አልሰጠውም፡፡ ያላየውን እንደ ጻፈ ያውቃልና የጦር ሜዳ ወሬ አቀባይ ሆኖ ሊያይ ሄደ፡፡ በመጀመሪያ ወደ ኩባ ሲጓዝ ጥር 2 ቀን 1897 መርከቡ ሰጠመች፤ ከሦስት ሰዎች ጋራ በአንዲት ትንሽ ጀልባ 30 ሰዓት ያህል ከማዕበል ጋራ ታግሎ ሲተርፍ፣ አንዱ ጓደኛቸው ከባሕሩ ዳር ሲደርሱ ሞተ፡፡ በዚያው ዓመት ግሪኮችና ቱርኮች ሲዋጉ ግሪክ አገር ደረሰ፡፡ እዚያ የጦርነትን መልክ በዓይኑ ካየ በኋላ መጽሐፉ እንዳልተሳሳተ ለወዳጁ ለደራሲው ለጆሴፍ ኮንራድ ነገረው፡፡

በ1898 ከአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ጋራ ኩባ ውስጥ ጓንታናሞ ነበር፡፡ ጆን ኩዊክ የተባለ ያምሳ አለቃ ጀርባውን ለጠላት ጥይት ሰጥቶ ከኮረብታ ላይ በባንዲራ ለመርከብ ምልክት ሲያስተላልፍ፣ ክሬን የፍርሃት ምልክት ፍለጋ ፊቱን አተኩሮ ተመለከተው፡፡ ያገኘው በቤቱ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ሰው እርጋታ ነው፡፡ ባንዲራው ቁልቋል ይዞት ሲያስቸግረው ብቻ ያምሳ አለቃው ጥቂት ተቆጣ፡፡ ኩዊክ ለዚህ ሥራው አገሩ የምትሰጠውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ፡፡ ክሬንም በዚያ ውጊያ ትእዛዝ እያመላለሰ ስለ ረዳ አዛዡ በሪፖርታቸው ስሙን አንሥተውታል፡፡

ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረም፡፡ ዕዳና የሳንባ ነቀርሳ አንድ ላይ ተነሡበት፤ ሰኔ 5 ቀን 1900 ጀርመን አገር ባደንቫይለር በ28 ዓመቱ ዐረፈ፡፡

መጽሐፉ በ1951 ወደ ፊልም ተለወጠ፡፡ የሚሸሸውን ልጅ ሆኖ የተጫወተው ኦዲ መርፊ ነው፤ ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር ለፈጸመው ጀብዱ ያንኑ ከፍተኛ ኒሻን የተቀበለ ወታደር ነበር፡፡