በአምስት ዶላር የተሸጠው ብርድ ልብስ፦ የወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስ ሕይወት

በዚህ እትም በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የኖሩትን የወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስን ሕይወት ይዘንላችሁ ቀርበናል። ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በባርነት ተወልደው ያደጉት እኚህ እናት በቁርጥራጭ ጨርቅ የሠሯቸው ሁለት ብርድ ልብሶች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ታሪካቸውን የመረጥነው በየስብሰባችን እየተነሣ ሳያልቅ በሚያድረው ጥያቄ ምክንያት ነው፦ የእጅ ሥራችን ዋጋው ስንት ነው? ዋጋውንስ የሚወስነው ማን ነው? የወይዘሮ ሐሪየት ሕይወት ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ገጥሞታል። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ሥራው እንንገራችሁ። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ብርድ ልብስ ሦስት ንብርብር አለው። ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀጣጠለ ነው፤ መሐሉ ባዘቶ ጥጥ ነው፤ ታቹ ገበር ነው። ሦስቱ ተደርበው ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይጠቀጠቃሉ። እኛ ድሪቶ ከምንለው ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እኛ ድሪቶን ከችግር ጋር ብቻ አያይዘን ማየታችን ነው። በእነርሱ ዘንድ መነሻው ያው ችግር ቢሆንም ቀስ በቀስ ሴቶች የሚወዳደሩበትና የሚመሰገኑበት ጥበብ ሆነ። መኸር ገብቶ ብርዱ ሳይጠና የመንደሩ ሴቶች በአንዷ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ጨርቁን በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ እያወጉና እየበሉ ይሰፋሉ። ለእኛ ደቦ ብንለው ይገባናል።

በቤታችን የምንሰፋ ሁሉ እንደምናውቀው፣ እንዲህ ባለው ጉባኤ ላይ ያልተጠሩ እንግዶች አይጠፉም። ድመት የተዘረጋውን ጨርቅ ለእርሷ የተነጠፈ አልጋ አድርጋ ትተኛበታለች፤ ዶሮ የወደቀውን ክር እንደ ትል ትጎትታለች። የወይዘሮ ሐሪየት ኩዊልት ግን እነዚህን አስቸጋሪ ፍጥረቶች ከማባረር ይልቅ በጨርቁ ውስጥ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ወይዘሮ ሐሪየት ጥቅምት 29 ቀን 1837 በጆርጂያ፣ በአቴንስ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ሀገሩ የጥጥ ሀገር ነበር። ጥጡን የሚዘሩት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት ጥቁሮች ሲሆኑ ከጥጡ ገንዘብ ግን ድርሻ አልነበራቸውም። በባርነት ያለን ሰው ማንበብ ማስተማር በግዛቲቱ ሕግ የተከለከለ ነበር። በ1855 አርምስቴድ ፓወርስን አገቡ፤ ቢያንስ ዘጠኝ ልጆችም ወለዱ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አብቅቶ ነፃነት ሲመጣ ወይዘሮ ሐሪየት 27 ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ሠርተው፣ በ1880ዎቹ አራት ኤከር መሬት የራሳቸው አደረጉ። አራት ኤከር ከአንድ ሄክታር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለሌላው ትንሽ ቢመስልም፣ ራሷ እንደ ንብረት ተቆጥራ ላደገች ሴት የራሷ ርስት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

በ1886 በአቴንስ የጥጥ ባዛር ተዘጋጀ። ወይዘሮ ሐሪየት የሠሩትን ኩዊልት ይዘው ወጡ። ኩዊልቱ 11 ክፍሎች ነበሩት፤ በየክፍሉ ከልዩ ልዩ ጨርቅ ተቆርጠው የተሰፉ ምስሎች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይናገሩ ነበር። አዳምና ሔዋን፣ ቃየል ወንድሙን ሲገድል፣ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል፣ የጌታ ጥምቀት፣ ይሁዳና ሠላሳው ብር፣ ስቅለቱ ሁሉም በጨርቅ ተሥለዋል። እኛ ሀገር የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ሲሣል ያየ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቤኒን ከሚሠራው የጨርቅ ላይ ጨርቅ ስፌት ጋር ያመሳስሉታል።

በባዛሩ ላይ ጄኒ ስሚዝ የተባሉ፣ በከተማው የሴቶች ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምሩ ነጭ ሠዓሊ ኩዊልቱን አይተው ቆሙ። ባለቤቷን አፈላልገው አገኙና ልግዛ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሐሪየት እንቢ አሉ። ምንም ያህል ገንዘብ ቢቀርብ የሚሸጥ አልነበረም። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል ይገባል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሀገር፣ አንዲት ጥቁር ሴት ነጭ ገዢ ፊት ቆማ የእጅ ሥራዬ አይሸጥም ማለቷ ቀላል ነገር አይደለም። እንቢ ለማለት ያስቻላቸው አንዱ ነገር በዚያ ዓመት ቤታቸው ያልጎደለ መሆኑ ይመስለናል።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ጊዜው ከፋ። ወይዘሮ ሐሪየት ኩዊልቱን ሊሸጡ እንደፈለጉ ለሠዓሊዋ ላኩ፤ ሠዓሊዋ ግን በዚያን ጊዜ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቆይተው ሲያገኙ መልእክት ሰደዱ። ወይዘሮ ሐሪየትም በሬ በሚስበው ጋሪ ተጭነው መጡ። ኩዊልቱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልለው፣ በላዩ ጆንያ ደርበው፣ በጭናቸው ላይ ታቅፈውት ነበር። አሥር ዶላር ጠየቁ። የቀረበላቸው አምስት ዶላር ነው። ከባለቤታቸው ጋር ተመካከሩ፤ ባለቤታቸውም ጊዜው ከባድ ስለሆነ ቢቀበሉ እንደሚሻል መከሯቸው። ተቀበሉ።

ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። ኩዊልቱን ዘርግተው የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም፣ ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንዳለ አንድ በአንድ አስረዱ። ሠዓሊዋም ጻፉት። ሠዓሊዋ የተረፋቸውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሊያስቀምጡላቸው ቃል ገቡ። ወይዘሮ ሐሪየት ከዚያ በኋላ ደጋግመው እየመጡ ኩዊልታቸውን ይጎበኙ ነበር፤ ለሰው የሰጠችውን ልጅ ለማየት እንደምትመላለስ እናት።

ገዢዋን ለመኮነን አልተነሣንም። ሥራውን በአክብሮት ጠብቀዋል፤ የሠሪዋን ማብራሪያ ጽፈው ባያስቀምጡ ኖሮ ዛሬ ብዙው ምስል ትርጉሙ ይጠፋ ነበር። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ1886 በምንም ዋጋ የማይሸጠው ሥራ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በተጠየቀበት ዋጋ ግማሽ ሄደ። ስፌቱ አልተበላሸም፤ ጨርቁ አላረጀም። የተለወጠው የሠሪዋ ጓዳ ነው። የጎደለ ጓዳ ይዘን ገበያ ስንወጣ፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሥራችን መሆኑ ቀርቶ ችግራችን ይሆናል።

በ1895 መኸር በአትላንታ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ኩዊልቱም በዚያ ለሕዝብ ታየ። ወይዘሮ ሐሪየት ሁለተኛም ሠርተዋል። ይህኛው 15 ክፍሎች ያሉት ሲሆን በ1898 የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ባለቤቶች ለሬቨረንድ ቻርልስ ከትበርት ሆል በስጦታ አበረከቱት። በዚህ ኩዊልት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ጎን ሕዝቡ ሲያወራቸው የኖሩ እውነተኛ ክስተቶች ተሰፍተዋል። በ1780 ቀኑ በእኩለ ቀን የጨለመበት ጊዜ አለ። በ1833 ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበት ሌሊት አለ፤ ያ የሆነው ወይዘሮ ሐሪየት ከመወለዳቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1846 ሰማዩ የቀላበት ሌሊትም አለ። ማንበብ በተከለከለበት ቤት ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ በአፍ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ በእርሳቸው መርፌ ተጻፈ።

ቃል የገባንላችሁ እንስሳት እዚህ ናቸው። ሰማዩ በቀላበት ሌሊት የደነገጡት ሴቶችና ሕፃናት ብቻ አልነበሩም፤ ዶሮዎችም አብረው ተሸብረዋል። በየካቲት 1895 ውርጭ በወረደበት ቀን አንዲት በቅሎ በቆመችበት ቀዝቅዛ በረዶ ከአፏ ተንጠልጥሏል። ከሁሉም የምታስቀው ግን ቤትስ የተባለችው አሳማ ናት። ከጆርጂያ ተነሥታ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠች ይባላል። ወይዘሮ ሐሪየት ማንም የማያዛት አሳማ መሆኗን በስሟ ላይ ጨምረውላታል፤ በጨርቁ ላይም ከሌላው ሁሉ አግዝፈው ነው የሠሯት።

እኛ ሀገር አሳማ እምብዛም የቤት እንስሳ ባትሆንም፣ በር ሲከፈት አምልጣ ጎረቤት የምታስቸግር ፍየል የሌለው መንደር የለም። ቤትስን የምናውቃት ያህል ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከጆርጂያ ወደ ቨርጂኒያ የሚሮጥ ወደ ሰሜን ነው የሚሮጠው። ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችም አቅጣጫቸው ሰሜን ነበር። አንዳንድ አጥኚዎች ቤትስ ውስጥ ያመለጡትን ሰዎች ያያሉ። ወይዘሮ ሐሪየት ያን አስበው ይሁን ወይም የሚያስቅ የመንደር ወሬ ሰፍተው፣ ገመዷን በጥሳ የሄደችውን አሳማ ከነገሥታትና ከነቢያት መሐል ማክበራቸው ለእኛ በቂ ነው።

የኋለኛው ዘመናቸው ቀላል አልነበረም። በ1890ዎቹ ያን በላብ የተገኘ መሬት ቆርሰው ቆርሰው መሸጥ ግድ ሆነባቸው፤ ባለቤታቸውም ከቤት ወጡ። ወይዘሮ ሐሪየት ልብስ እየሰፉ ራሳቸውን ቻሉ። በዚያው ዘመን የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ የለበሱት ሽርጥ በራሳቸው ስፌት የፀሐይና የከዋክብት ቅርጽ ተደርቦበታል። ለረጅም ዘመን ማንበብና መጻፍ አይችሉም ተብሎ ሲነገር ቆይቷል። በ2009 ግን በ1896 የጻፉት ደብዳቤ ቅጂ ተገኘ። ማንበብና መጻፍ ይችሉ ነበር፤ የሠሯቸው ኩዊልቶችም ከሁለት ይበልጡ ነበር። ስለ አንዲት ሴት ሌሎች የጻፉትና ራሷ የጻፈችው ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ወይዘሮ ሐሪየት ጥር 1 ቀን 1910 አረፉ፤ በአቴንስ በጥቁሮች መካነ መቃብር ተቀበሩ። የመቃብራቸው ድንጋይ ተረስቶ ኖሮ በ2005 ተገኘ። የመጀመሪያው ኩዊልት ዛሬ በዋሺንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም፣ ሁለተኛው ከ1964 ጀምሮ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በ2021 መኸር ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦስተን ጎን ለጎን ተሰቀሉ። የሌሎቹ የት መድረስ አይታወቅም።

እኅቶቻችን፤ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንውሰድ እንላለን።

አንደኛው ስለ ቁጠባችን ነው። ልጅ ሲታመም ወይም የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ሁለት ወር የተደከመበትን ጥልፍ ወይም ጥበብ ለመጀመሪያው ገዢ በግማሽ ዋጋ መስጠት ብዙዎቻችን ያየነው ነው። የማኅበር ጥቅሙ እንዲህ ባለው ሳምንት ይታወቃል። ከጋራ ቁጠባችን ላይ ለድንገተኛ ችግር የምትሰጥ፣ ሥራው ሲሸጥ የምትመለስ አነስተኛ ብድር ብንለይ፣ አንዲት አባል እንቢ የምትልበት አቅም ይኖራታል። ይህን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንድንነጋገርበት ሐሳብ አቅርበናል።

ሁለተኛው ስለ ስማችን ነው። ወይዘሮ ሐሪየት ሥራቸውን ሲሰጡ ትርጉሙን አብረው ሰጡ። እኛ ግን ስንት መሶብ፣ ስንት ጥልፍ፣ ስንት ጋቢ ያለ ስም ሸጠናል? ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት ትያያዝ፦ የሠሪዋ ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የጥለቱ ትርጉም። መጻፍ የምትቸገር አባል ካለች ልጇ ወይም ጓደኛዋ ትጻፍላት፤ ቃሉ ግን የራሷ ይሁን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ ለእናንተም ያለን ልመና አጭር ነው። ከአባሎቻችን ዕቃ ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁ፤ የጥለቱን ትርጉም አስነግሩ፤ የሰማችሁትንም ጻፉት። የተጠራው ዋጋ ከብዶ ከታያችሁ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠይቋት።