እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ ከቤተ መንግሥት ማዕድ እስከ ሆቴል

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በይበልጥ የሚነሳው ከዓድዋ ድል ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ እቴጌይቱ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ተብሎ የሚታወቀውን እቴጌ ሆቴልን በማቋቋም ለመስተንግዶ ሥራ መሠረት የጣሉ መሪም ነበሩ።

የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ የሆኑት ጣይቱ ከሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋብተዋል። በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አካባቢ ቤት በማሠራት ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆኑ ሲሆን፣ ስሟንም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ጣይቱም የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ።

በ1888 ዓ.ም. የሸዋ ጦር በወረኢሉ ከትቶ ወደ ሰሜን ሲዘምት እቴጌይቱም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ተጉዘዋል። ወረኢሉ በደቡብ ወሎ የምትገኝ ከተማ ናት። በመቀሌ የተመሸገው የጣሊያን ጦር ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በዓድዋ ውጊያም ለተዋጊዎችና ለቁስለኞች ውኃ እንዲቀርብ አድርገዋል።

ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን በመክፈታቸው የእንግዳው ቁጥር ጨመረ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ ሲመጣ የሚስተናገደው ከቤተ መንግሥት በሚሰፈርለት ድርጎ ነበር። መኳንንቱና ሠራዊቱም በግብር ሲበሉ እንደየማዕረጋቸው ይቀመጡ ነበር። ለከተማይቱ ግን ይህ አሠራር ብቻውን የሚበቃ አልሆነም።

እቴጌይቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ በአራዳ ያቋቋሙት ሆቴል ማንኛውም ሰው ዋጋ ከፍሎ የሚመገብበትና የሚያድርበት ቤት ነበር። ሥራው ግን ከልማድ ጋር መጋጨቱ አልቀረም። እህል መሸጥ እንደ ነውር በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ የቤተ መንግሥት ማዕድ የለመደ መኰንን በገንዘቡ ገዝቶ መብላት ክብሩን የሚነካ መስሎ ታየው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ትረካ፣ በመጀመሪያ ተመጋቢ በመጥፋቱ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በመሄድ ተመግበው ሒሳቡን ከፍለዋል። አዲሱ አሠራር ሥር የሰደደውም በአዋጅ ሳይሆን በአርአያነት እንደሆነ ከዚሁ ትረካ መረዳት ይቻላል።

ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሲዳከሙ እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ጀመር። ሆኖም ሥልጣናቸውን የተቃወሙት መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከአስተዳደሩ አገለሏቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም በጸሎት ተወስነው ቆዩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አርፈው በዚያው የተቀበሩ ሲሆን፣ በኋላ አጽማቸው ፈልሶ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ አርፏል።

ሆቴሉም ዘመናትን ተሻግሮ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ከባድ ጉዳት እስከደረሰበት ጊዜ ድረስ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ እንግዳ ተቀብሏል።