አውሮፓን በአንድ ባቡር ያገናኘው መሐንዲስ፤ የዦርዥ ናጌልማኬርስ ሕይወት

አውሮፓን በመጽሐፍ የሚያውቅ፣ በፊልም የሚያውቅ፣ በማዕዷ የሚያውቅ፣ በእግሩ ረግጦም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። አንባቢው ከልብ ወለዱ፣ ተመልካቹ ከሲኒማው፣ ተጓዡም ከምግብ ቤቱ ገበታ የየራሱን አውሮፓ ይቀዳል። እነዚህ የመተዋወቂያ መንገዶች ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ቦታ፣ ያውም በሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ፣ ተገናኝተው እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ቦታው ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ሲሆን፣ ያገናኛቸውም ሰው ቤልጂካዊው መሐንዲስ ዦርዥ ናጌልማኬርስ ነው። ይህ ሰው ሎኮሞቲቭ አልፈለሰፈም፤ ለዝና ያበቃውም የዘረጋው ሐዲድ አይደለም። ሌሎች የሠሩትን ከሌሎች ሥራ ጋር የማገናኘት ሙያ ነው ለስሙ መጠሪያ የሆነው። ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች ታሪኩ መነሣት የሚገባውም ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናጌልማኬርስ በጁን 1845 በሊዬዥ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከ1747 ጀምሮ ባንክ ያቋቋመ፣ በገንዘብም በዝናም የታወቀ ነበር። ልጁ ግን ከሂሳብ መዝገብ ይልቅ ወደ ምሕንድስና አዘነበለ። እንደሚነገረው ገና በወጣትነቱ በዕድሜ የምትበልጠውን የዘመዱን ልጅ አፈቀረ፤ ፍቅሩ መልስ ባጣ ጊዜም ወላጆቹ ኀዘኑን እንዲረሳ ብለው በ1867 ወደ አሜሪካ ላኩት። ልቡን ለማከም የተላከው ወጣት ሥራውን ይዞ ተመለሰ።

በአሜሪካ ጆርጅ ፑልማን ያሠራቸው የመኝታ ፉርጎዎች በዚያን ጊዜ ስማቸው ገንኖ ነበር። ቀን መቀመጫ የሆነው ሌሊት ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፤ ተሳፋሪውም ከመጋረጃ በስተጀርባ ተኝቶ ያድራል። ናጌልማኬርስ ምቾቱን ወደደው፤ አሠራሩን ግን እንዳለ አልተቀበለም። በአንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር በመጋረጃ ብቻ ተለይቶ መተኛት ለአውሮፓ ሰው እንደማይመች ስለተረዳ፣ በር ያለው የተከለለ ክፍል ይሻላል አለ። ከዚህ ይልቅ ትኩረቱን የሳበው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የአንዱ ኩባንያ ፉርጎ በብዙ ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ ሳይቋረጥ መጓዙ ነው።

በዚያን ዘመን አውሮፓን በባቡር ማቋረጥ ፈተና ነበር። ተጓዡ በየድንበሩ ይወርዳል፤ በእኩለ ሌሊት ሻንጣውን ለጉምሩክ ይከፍታል፤ በጣቢያ ምግብ ቤት ትኩሱን ሾርባ ሳይጨርስ ደወል ይጠራዋል፤ ከዚያም እንደ ተቀመጠ ያንቀላፋል። ሰዓቱ እንኳ ከአገር አገር ይለያይ ስለነበር የጉዞ መርሐ ግብር ማውጣት ራሱን የቻለ ስሌት ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን የአብዛኛው የአህጉሩ ሐዲድ ስፋት አንድ ዓይነት፣ ማለትም 1,435 ሚሊ ሜትር ነበር። እንግዲህ ብረቱ ከብረት ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ሳለ ያልተስማሙት ሰዎቹ ነበሩ። ናጌልማኬርስ የጎደለው ሐዲድ ሳይሆን ውል መሆኑን ተገነዘበ።

ያቀረበውም ሐሳብ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ የምድር ባቡር አስተዳደር በግዛቱ ውስጥ ሎኮሞቲቩን ያቀርባል፤ ከተሳፋሪውም የመጀመሪያ ማዕረግ ዋጋ ይቀበላል። የናጌልማኬርስ ኩባንያ ደግሞ ፉርጎውን፣ አልጋውን፣ ወጥ ቤቱንና አስተናጋጆቹን ያቀርባል፤ በምትኩም ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላል። በዚህ ዓይነት ማንም ሳይከስር ተሳፋሪው ሳይወርድ ድንበር ይሻገራል።

ሐሳቡን በ1870 አሳትሞ ባቀረበ በጥቂት ወራት ውስጥ የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ፈነዳ፤ ሊያገናኛቸው ያሰባቸው አገሮችም በመድፍ ተገናኙ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1872 አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ ጥቂት ፉርጎዎች አሰማራ። ገንዘብ ሲያጥረው ዊልያም ማን ከተባለ አሜሪካዊ ኮሎኔል ጋር ተሻረከ። ኋላም የሸሪኩን ድርሻ ገዝቶ በዲሴምበር 1876 የዓለም አቀፍ የመኝታ ፉርጎዎች ኩባንያን በብሩክሴል መሠረተ። የቤልጂክ ንጉሥ ሌዎፖልድ 2ኛ ድጋፍም ብዙ የተዘጋ በር አስከፈተለት።

ቀጥሎ የመጣው የምሕንድስና ጥያቄ ነው። የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች መንኰራኵሮቻቸው ከአካሉ ጋር ሳይተጣጠፉ የተያያዙ ስለነበሩ በኩርባ ላይ ይንገጫገጩ ነበር። እንዲህ በሚናወጥ ቤት ውስጥ መተኛትም ሆነ ሾርባ መጠጣት አይቻልም። ኩባንያው በአዲሶቹ ረጃጅም ፉርጎዎች ሥር፣ በሁለቱም ጫፍ በኩል፣ ራሱን ችሎ እየዞረ ኩርባውን የሚከተል ባለ አራት መንኰራኵር ቦጊ አስገባ። የቲክ እንጨት አካል፣ የጋዝ መብራት፣ የሙቀት መስጫና የምግብ ፉርጎ ተጨመሩበት። በኦክቶበር 1882 ከፓሪስ እስከ ቪየና የሙከራ ጉዞ ሲደረግ ለተጋባዦቹ ኦይስተር፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ የበሬ ሥጋ፣ ሰላጣና የቸኮላታ ጣፋጭ በተከታታይ ቀረበ። በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ባቡሩ እየበረረ፣ ይህን ሁሉ ሳያፈስሱ ማቅረብ መቻሉ የቦጊውና የስፕሪንጉ ምስክር ነበር። ምግብ አብሳዩ የመሐንዲሱን ሥራ ለእንግዳው አቀመሰው ማለት ይቻላል።

ታላቁ ቀን ኦክቶበር 4 ቀን 1883 ነበር። ኦሪየንት ኤክስፕረስ ከፓሪስ ተነሥቶ በስትራስቡርግ፣ በሙኒክ፣ በቪየናና በቡዳፔስት አድርጎ ወደ ሩማንያ አመራ። ናጌልማኬርስ ከባለሥልጣናቱ ጋር ሁለት የብዕር ሰዎችን አሳፈረ፤ እነርሱም ፈረንሳዊው ደራሲ ኤድሞን አቡና የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል አንሪ ደ ብሎዊትስ ነበሩ። በሃንጋሪ የሙዚቃ ጓድ ተሳፍሮ በምግብ ፉርጎው ውስጥ ተጫወተላቸው፤ በሩማንያም ንጉሥ ካሮል በሲናያ ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ሐዲዱ ግን ገና አላለቀም ነበርና መንገደኞቹ ዳኑብን በጀልባ ተሻግረው፣ በቡልጋሪያ ሌላ ባቡር ይዘው፣ ከቫርና ወደብ እስከ ቁስጥንጥንያ በመርከብ ተጓዙ። ሁለቱም ጸሐፊዎች በተመለሱ ጊዜ የጉዞ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ተሳፋሪ ብቻ ሳይሆን አንባቢም አገኘ።

በ1889 ሐዲዱ ተገጣጥሞ ከፓሪስ ቁስጥንጥንያ ያለ መርከብ መድረስ ተቻለ። መጀመሪያ ወደ 82 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉዞም ከ68 ሰዓት በታች ሆነ። ኩባንያው በ1887 ወደ ማድሪድና ሊዝበን፣ በ1896 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሚወስዱ ፈጣን ባቡሮች አሰማራ። በስፔንና በሩሲያ ድንበር ግን የሐዲዱ ስፋት ስለሚለያይ፣ የቱንም ያህል ውል ቢፈረም፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ባቡር መያዝ ነበረበት። ስምምነት የማይፈታው፣ ብረት ብቻ የሚወስነው ነገር መኖሩን እነዚህ ሁለት ድንበሮች ያሳያሉ። ተሳፋሪው ሲደርስ የሚያርፍበት ቦታ እንዲያገኝም ኩባንያው ሆቴሎች ከፈተ፤ በቁስጥንጥንያ የሚገኘው ፔራ ፓላስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የዚህን ሰው ሥራ በምስጋና ብቻ መተረክ ግን ሚዛን ያጓድላል። ባቡሩ የሀብታሞች ባቡር ነበር። መስኮቱ ከሚያሳየው ገበሬ፣ እሳቱን ከሚቆሰቁሰው ሠራተኛ፣ አልጋውን ከሚያነጥፈው አስተናጋጅ መካከል ዋጋውን ከፍሎ ሊሳፈር የሚችል አልነበረም። በር የከፈቱለት ንጉሥ ሌዎፖልድም ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎን እንደ ግል ርስታቸው ይዘው፣ ሕዝቡን በግዳጅ ጎማ እያስለቀሙ ለእልቂት የዳረጉ ናቸው። በአንድ ንጉሥ ጥላ ሥር በአውሮፓ የምቾት፣ በአፍሪካ የመከራ መንገድ ተጠርጓል። እኛ አፍሪካውያን መሐንዲሶች የአውሮፓን ሥልጣኔ ስናደንቅ ሁለቱን መንገዶች አንድ ላይ ማየት ይገባናል። አንዱን ለማመስገን ሌላውን መርሳት አያስፈልግም፤ ሌላውን ለማውገዝም አንዱን መካድ አያስፈልግም።

ናጌልማኬርስ በ1900 በፓሪሱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሳይቤሪያን ጉዞ ለተመልካች አቀረበ፤ ጎብኚዎች በቆመ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው በመስኮት በኩል የሚያልፈውን የተሣለ መልክዓ ምድር ይመለከቱ ነበር። ሲኒማ ገና አምስት ዓመቱ በነበረበት ጊዜ ይህ ሰው መስኮትን እንደ ሸራ ተጠቀመበት። በዚያው ዓመት በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በአራት ፈረሶች የሚሳብ ሠረገላ በመንዳት አሸናፊ ሆነ። ዘመኑን ከሠረገላ ወደ ባቡር ያሸጋገረ ሰው በሠረገላም መርታቱ ያስገርማል። በጁላይ 10 ቀን 1905፣ በ60 ዓመቱ፣ በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በቪልፕሮ ዐረፈ።

ሥራው ከእርሱ በኋላ ክብርም ውርደትም አየ። በ1914 ጦርነት ባቡሩን አቆመው። በኖቬምበር 1918 የጦርነቱ ማቆሚያ ስምምነት የተፈረመው ከኩባንያው የምግብ ፉርጎዎች በአንዱ፣ በቁጥር 2419 ውስጥ ሲሆን፣ በ1940 ሂትለር ፈረንሳይን በዚያው ፉርጎ ውስጥ እንድትፈርም አስገደዳት። በ1919 በሲምፕሎን ዋሻ በኩል የሚያልፍ አዲስ መሥመር ተከፈተ። አጋታ ክሪስቲ በዚህ ባቡር ተመላልሳ፣ በ1934 በበረዶ በተያዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ውስጥ ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመች። ሲድኒ ሉሜት በ1974 ወደ ፊልም መለሰው፤ ኢንግሪድ በርግማንም በዚያ ባሳየችው ትወና ኦስካር ተሸለመች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ከፓሪስ ኢስታንቡል በቀጥታ የሚደርሰው ባቡር አገልግሎቱን አቆመ፤ ስሙም በ2009 ከመደበኛው የጉዞ መርሐ ግብር ወጣ። በአውሮፕላን በሦስትና በአራት ሰዓት የሚደረስበትን መንገድ በሦስት ቀን የሚሄድ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ባቡሩ በመጽሐፍና በፊልም አሁንም ይጓዛል፤ ሊሳፈርበት ፈጽሞ ያልቻለው ሕዝብም ዛሬ በዚያ መንገድ ይሳፈርበታል።

ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሐንዲስ ሥራ በሠራው ዕቃ ብቻ አይለካም፤ በዕቃዎችና በሰዎች መካከል ባስገኘው ስምምነትም ይለካል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄደው ባቡራችንም የሁለት መንግሥታት ስምምነት ውጤት ነው፤ ብረቱ ዝም ብሎ ድንበር አይሻገርም። ናጌልማኬርስ የተለያዩትን ሲያገናኝ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመልስ አለፈ፤ ያገናኘው መንገድ ለማን ነው? ያንን ጥያቄ የመመለሱ ተራ ከእርሱ በኋላ ለመጡት ነው፤ ከእነርሱም መካከል እኛ አለንበት።